ሙቀቱን የሚጠብቅ ጫፍ፦ በማሻ ለቤት ውስጥ ጥገና የሚሆን የብየዳ ካውያ አመራረጥ

በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የሸካ ዞን መቀመጫ የሆነችው ማሻ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በደን ተከብባ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው የሸካ ደን ለምለምነቱን ያገኘው አካባቢው በአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ነው። ለቡናው፣ ለማሩና ለእንሰቱ በረከት የሆነው ይኸው እርጥበት ግን ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጠላት ነው፤ በሬዲዮ ባትሪ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው ሞላ ይዝጋል፣ የዕቃው ክፍሎች ተበይደው በሚገናኙበት ሰሌዳ፣ ማለትም በሰርኪት ቦርዱ ላይ የተዘረጋው ስስ የመዳብ መስመር አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ያበቅላል፣ የእጅ ስልክ የቻርጀር ቀዳዳም ከጊዜው ቀድሞ ይላላል።

በዚህ ምክንያት ከማሻ እስከ ቴፒና ሚዛን ተፈሪ ባለው የቡና ምድር የሚበላሸው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በትንሽ ነገር ነው። በፀሐይ ብርሃን የሚሞላው ፋኖስ የማይበራው ከሰሌዳው ወደ ባትሪው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ስለተበጠሰ ሊሆን ይችላል፤ እሸት ቡና የሚመዘንበት ዲጂታል ሚዛን ቁጥሩን የሚያዘላልለው፣ የሳተላይት ሪሲቨሩም እየበራ የሚጠፋው አንድ የብየዳ ነጥብ ስለተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ ሆኖ ሳለ ዕቃው በሙሉ ይጣላል፣ ወይም በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ሩቅ ከተማ ይላካል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃን በአዲስ መተካት ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ውሳኔ መሆኑ ቀርቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ማውጣቱ ይታወሳል፤ ይሁን እንጂ እንደ ማሻ ባለ ከተማ ቆሻሻውን ከምንጩ የሚቀንሰው ቅርብ መንገድ ጥገና ነው፣ የጥገናው ዋና መሣሪያም የብየዳ ካውያ፣ ማለትም በብዙ ጥገና ቤቶች ሶልደሪንግ አይረን እየተባለ የሚጠራው፣ ጫፉ በኤሌክትሪክ የሚግል እጀታ ያለው መሣሪያ ነው።

የካውያው ምርጫ የሚመዘንበትን ሚዛን ለማግኘት አስቀድሞ ብየዳው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ሁለት ብረቶችን እንደ በር ብየዳ አቅልጦ የሚያዋሕድ ሥራ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ሦስተኛ ብረት በማፍሰስ የሚያገናኝ ነው። ይህ ሦስተኛ ብረት፣ ጠጋኞች ሊድ የሚሉት የብየዳ ሽቦ፣ በተለመደው ዓይነቱ የቲንና የእርሳስ ድብልቅ ሲሆን፣ 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ድብልቅ በ183 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ከጠጣር ወደ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። የቀለጠው ሊድ ንጹሕና የጋለ መዳብ ሲያገኝ በላዩ ላይ ይዘረጋል፣ ቲኑም ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ንብርብር ይፈጥራል፤ ጥንካሬውንና የኤሌክትሪክ ማስተላለፉን የሚሰጠው ይህ ንብርብር ነው። መዳቡ ሳይግል ሊዱ ብቻ ቀልጦ ከላይ ሲንጠባጠብ ግን ንብርብሩ አይፈጠርም፣ ብየዳውም ለዓይን የተያያዘ መስሎ ውስጡ የተለያየ፣ ባለሙያዎች ቀዝቃዛ ብየዳ የሚሉት ይሆናል። እንግዲህ የጥሩ ካውያ ሥራ ሊድ ማቅለጥ ብቻ ሳይሆን ሁለቱን የሚገናኙ ክፍሎች በአንድነት፣ በፍጥነትና ሳያቃጥል ማጋል ነው።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው የእጅ ስልክ የቻርጀር ቀዳዳ በሚቀየርበት ጊዜ ነው። ጠጋኙ በረንዳ ላይ፣ የዝናቡ ድምፅ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየመታ፣ ሰሌዳውን በሁለት ጣቶቹ ይዞ የካውያውን ጫፍ በቀዳዳው እግር ላይ ያሳርፋል። ቀዳዳው በሰሌዳው ውስጥ ከተዘረጋ ሰፊ የመዳብ ንጣፍ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ንጣፉ ሙቀቱን ወዲያው ይስበዋል፤ ሙቀት የማይመጥን ርካሽ ካውያ ጫፉ በቅጽበት ይቀዘቅዛል፣ ሊዱም እንደ ገንፎ ወፍሮ ይቀራል። ጠጋኙ ያን ጊዜ ጫፉን ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞም ይጫናል፤ ሦስት ሰከንድ ይበቃው የነበረው ሥራ ግማሽ ደቂቃ ሲፈጅ መዳቡን ከሰሌዳው ጋር የያዘው ሙጫ ይለቅና ስሱ መስመር ከሰሌዳው ተነሥቶ ይወጣል። በዚህ ጊዜ በቀላል ወጪ ይድን የነበረው ስልክ የሙት ያህል ይሆናል። ስልኩን የጎዳው የጠጋኙ እጅ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ መሣሪያው ሙቀቱን መጠበቅ አለመቻሉ የጉዳቱ መነሻ ነው።

በገበያ ላይ ካውያዎች የሚሸጡት በዋት ነው፤ ገዢውም ዋቱ ከፍ ባለ ቁጥር ካውያው የበለጠ ይግላል ብሎ ማሰቡ የተለመደ ነው። ይህ አስተሳሰብ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ዋት ካውያው በየሰከንዱ የሚያቀርበውን የሙቀት መጠን የሚለካ እንጂ ጫፉ የሚደርስበትን ዲግሪ የሚወስን አይደለም። መቆጣጠሪያ የሌለው ባለ 60 ዋት ካውያ ምንም ሳይነካ በማስቀመጫው ላይ ሲቆይ ከ400 ዲግሪ በላይ ግሎ ጫፉን ያጠቁራል፣ የመጀመሪያውን ነጥብም ያቃጥላል፤ ባለ 25 ወይም ባለ 30 ዋቱ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ሲበይድ ደህና ሆኖ ከሰፊ መዳብ ጋር ሲገናኝ ይደክማል። መቆጣጠሪያ ያለው ባለ 60 ዋት ካውያ ግን ጫፉ ከታዘዘው ዲግሪ በታች ሲወርድ ኃይሉን በሙሉ ይልካል፣ ሲደርስ ያቆማል። ስለዚህ ከፍተኛ ዋትና የሙቀት መቆጣጠሪያ አብረው ሲገኙ ብቻ ካውያው ለስሱም ለወፍራሙም ሥራ ይመቻል።

በዚህ መለኪያ ሲታዩ በርካሽ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል ለቤት ጥገና የሚመከረው ከ200 እስከ 450 ዲግሪ የሚደርስ መዘውር በእጀታው ላይ ያለውና ጫፉ የሚነቀለው ባለ 60 ዋት ካውያ ነው። የዚህ ካውያ ትልቁ ጥቅም ጫፎቹ 900 ኤም በሚባለው መለኪያ የተሠሩ መሆናቸው ነው። መለኪያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1952 በኦሳካ ከተመሠረተው ሃኮ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ ሃኮ 936 የተባለው የብየዳ ጣቢያ፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ከእጀታው የተለየ መሣሪያ፣ በመላው ዓለም ስለተለመደና በቻይና አምራቾች ብዙ ስለተቀዳ ጫፎቹ በየአገሩ የሚገኙ ሆነዋል። ጫፉ በማይገኝበት መጠን የተሠራ ካውያ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ጫፉ ባለቀ ዕለት አብሮ ይሞታል። የብየዳ ጣቢያው ራሱ ጥገናን መተዳደሪያው ላደረገ ሰው የሚገባ መሣሪያ ነው፤ በየወሩ ሁለት ሦስት ዕቃ ለሚጠግን ቤት ግን ባለ መዘውሩ ካውያ ይበቃል። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት የሚሠሩት ትናንሽ ካውያዎች ኃይላቸው 8 ዋት አካባቢ ስለሆነ ከቀጭን ሽቦ ያለፈ አይችሉም፤ ሽጉጥ የሚመስሉት ከባዶቹ ደግሞ ለወፍራም ሽቦ እንጂ ለሰርኪት ቦርድ አልተሠሩም።

መዘውር መኖሩ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። በአንዳንድ ካውያዎች መዘውሩ የሚያደርገው ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ኃይል መቀነስና መጨመር ብቻ ሲሆን፣ ጫፉ ምን ያህል እንደጋለ የሚያውቅ ሕዋስ በውስጡ የለም። እውነተኛው መቆጣጠሪያ ሁለት ሽቦ ለማሞቂያ፣ ሁለት ሽቦ ደግሞ ለሙቀት መለኪያ የሚሆን አራት ሽቦ ያለው ማሞቂያ ይይዛል፤ እጀታው በጠመዝማዛ የሚፈታ ከሆነ ገዢው ከፍቶ ሊቆጥር ይችላል። ካውያው የማይከፈት እንደሆነ በሱቁ ውስጥ ሰክቶ መፈተን ይገባል፦ መዘውሩ 200 ላይ ሆኖ ሊዱ በጭንቅ ብቻ የሚለሰልስ፣ 350 ላይ ሲደረግ ደግሞ ወዲያው የሚፈስ ከሆነ ቁጥሮቹ ቢያንስ ትርጉም አላቸው። በሁለቱም ቁጥር ሊዱን እኩል የሚያፈስ ካውያ መዘውሩ ጌጥ ብቻ ነው።

መዘውር የሌለው ቀላል ካውያ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ በመልቲሜትር፣ ብዙዎች ቴስተር በሚሉት መለኪያ፣ የተጻፈውን ዋት እውነትነት ሳይሰኩ ማረጋገጥ ይቻላል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት በመሆኑና ዋት የሚገኘው ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለተቃውሞው፣ ማለትም ለኦሙ ሲካፈል በመሆኑ፣ በሽቦ ጥምዝ የሚግል ባለ 60 ዋት ካውያ በሁለቱ የሶኬት እግሮች መካከል ወደ 800 ኦም፣ ባለ 40 ዋቱ ወደ 1,200፣ ባለ 30 ዋቱ ወደ 1,600 ኦም ማሳየት አለበት። በላዩ 60 ዋት ተጽፎ 1,600 ኦም የሚያሳይ ካውያ በእርግጥ ባለ 30 ዋት ነው። ወደ 200 ኦም የሚያሳየው ደግሞ ባለ 110 ቮልት መስመር ላለበት አገር የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በ220 ቮልት ሲሰካ ከታሰበለት አራት እጥፍ ኃይል ስቦ ይቃጠላል። ይህ ስሌት ማሞቂያቸው ከሴራሚክ ለተሠሩትና በውስጣቸው መቆጣጠሪያ ላላቸው ካውያዎች አይሠራም፤ የሴራሚክ ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ዝቅ ብሎ ሲግል ይጨምራልና።

ይኸው ስሌት በረጅም የኤሌክትሪክ መስመር ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው ሌላም ነገር ይነግረዋል። ምሽት ላይ ምጣዱም አምፖሉም በአንድነት ሲሠሩ ቮልቱ ይወርዳል፣ የካውያው ኃይል ግን የሚወርደው ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ነው። 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ባለ 60 ዋቱ 40 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ባለ 30 ዋቱ ደግሞ 20 ዋት ብቻ ይቀረዋል፤ ወደ 160 ሲወርድ ባለ 60 ዋቱ ራሱ 32 ዋት ያህል ይሆናል። ለአዲስ አበባ ቤት በቂ ነው የሚባለው ባለ 30 ዋት ካውያ መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ በቂ የማይሆነው በዚህ ነው። ትርፍ ዋት የሚገዛው ለበለጠ ግለት ሳይሆን መስመሩ በደከመ ሰዓትም ጫፉ 350 ዲግሪውን እንዲጠብቅ ነው፤ ሥራውን ቀን፣ ፍጆታው ባነሰበት ሰዓት ማድረግም ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ማሻሻያ ነው።

ከመስመር ውጪ ለሚኖሩት፣ በተለይም ከከተማው ርቀው በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ለሚገለገሉት፣ ሌላ ምርጫ አለ። ሚኒዌር የተባለው አምራች ያወጣው ቲኤስ100 እና ከእርሱ በኋላ ፓይን64 የተባለው ድርጅት ያቀረበው ፓይንሲል ከ12 እስከ 24 ቮልት ባለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ ሙቀታቸውን በትንሽ ኮምፒዩተር የሚቆጣጠሩ ቀጫጭን ካውያዎች ናቸው። የጫፋቸው ተቃውሞ 8 ኦም ያህል ስለሆነ ከ12 ቮልት የሞተር ብስክሌት ባትሪ 18 ዋት ብቻ ያገኛሉ፣ ይህም ለሽቦና ለትናንሽ ነጥቦች ይበቃል፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተረፈ ባለ 19 ቮልት ቻርጀር ሲሰካላቸው ግን 45 ዋት ይደርሳሉ። ቻርጀሩ የመስመሩን መዋዠቅ ራሱ ስለሚያስተካክል እነዚህ ካውያዎች ቮልት በሚወርድበት ቤትም ከባለ 220ዎቹ የተሻለ ይጸናሉ። ችግራቸው ጫፋቸው ማሞቂያውን በውስጡ የያዘ በመሆኑ መለወጫው መወደዱና በአቅራቢያ ሱቅ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የሚያመጣ ዘመድ ላለው ሰው እጅግ ጥሩ፣ ለሌላው ግን ሁለተኛ ምርጫ ናቸው።

ካውያው ተመርጦ ካለቀ በኋላ የሥራውን ጥራት የሚወስነው ጫፉ ነው፤ ጀማሪዎች ብዙ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ከካውያው ጋር አብሮ የሚሸጠው እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ ለስስ ሥራ የተመቸ ይመስላል፤ ሆኖም ከብየዳው ጋር የሚገናኝበት ስፋት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ሙቀቱ አይተላለፍም። እንደ መሮ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ስፋቱ 2.4 ሚሊ ሜትር የሚያህል ጫፍ ለአብዛኛው የቤት ጥገና ይበልጣል። የጫፉ ውስጥ መዳብ ሲሆን ላዩ በብረት የተለበጠ ነው፤ መዳብ በቀለጠ ቲን ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሟሟ ልባጡ ባይኖር ጫፉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላል። ጫፉ ሲጠቁር በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የሚያጸዳ ሰው ልባጡን በገዛ እጁ ያነሣዋል። ኤርንስት ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1921 በጀርመን ኤርሳ የተባለውን ኩባንያ መሥርቶ የኤሌክትሪክ ካውያን በብዛት ከማምረቱ በፊት አንጥረኞች በከሰል ላይ የሚያግሉት ካውያ ባዶ መዳብ ስለነበር መሞረድ ትክክል ነበር፤ ለዛሬው ጫፍ ግን ጥፋት ነው። እርጥብ ስፖንጅ ወይም የናስ ሽቦ ማጽጃ ይበቃል፤ ካውያው ከመጥፋቱ በፊት ጫፉን በሊድ መለበጥ ደግሞ፣ በተለይ አየሩ እርጥብ በሆነበት በማሻ፣ ዕድሜውን ያረዝማል።

ከካውያው የተረፈው ገንዘብ መዋል ያለበት ለጥሩ ሊድ ነው። በገበያ ላይ ቲኑ ተቀንሶ እርሳሱ የበዛበት ሊድ ይሸጣል፤ ቲኑ 40 በመቶ ብቻ የሆነው ድብልቅ በ183 ዲግሪ መለስለስ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው በ238 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ እንደ ጭቃ ይቆያል፣ በዚያ መካከል እጅ ቢንቀጠቀጥ ብየዳው ይሰነጠቃል። 60 ወይም 63 በመቶ ቲን ያለው፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይጠጥራል፣ ላዩም ያበራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በአብዛኛው አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ እርሳስን ስለከለከለ ዛሬ የሚጠገኑት ብዙ ሰሌዳዎች የተበየዱት ከ217 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ እርሳስ አልባ ሊድ ነው፤ አሮጌውን ነጥብ ከመንቀል በፊት ጥቂት የተለመደ ሊድ መጨመር ድብልቁ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ስለሚያደርግ የመዳቡን መስመር ያድናል።

ከሊዱ ጋር አብሮ የሚሠራው ፍላክስ ሲሆን፣ ይህም የመዳቡን ዝገት እያነሣ ሊዱ እንዲዘረጋ የሚያደርግ ነገር ነው። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነው ከጥድ ሙጫ የሚገኘው ሮዚን ነው፤ ጥሩ የሊድ ሽቦም በውስጡ ይይዘዋል። ለቧንቧና ለቆርቆሮ ሥራ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ፍላክስ ግን ለሰርኪት ቦርድ በፍጹም መቅረብ የለበትም። ይህ አሲድ ብየዳውን በዕለቱ እጅግ ያማረ ያስመስለዋል፤ በላዩ የቀረው ጨው ግን ከአየር እርጥበት እየሳበ መዳቡን ይበላል፤ በደረቅ አገር ወራት የሚፈጀው ጉዳት ዝናብ በማይለየው ሸካ በቶሎ ይደርሳል። ተጠግኖ የሄደ ሬዲዮ ብዙም ሳይቆይ ሲመለስ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እርጥበቱ ካውያውንም ራሱን አይምርም። ለብዙ ሳምንታት ሳይሠራበት በእርጥብ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ካውያ የማሞቂያው መከለያ ውኃ ስለሚስብ ሲሰካ ኤሌክትሪክ ወደ ጫፉ ሊያሾልክ ይችላል፤ ስለዚህ በሚዘጋ ደረቅ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የሶኬት እግር፣ ማለትም የመሬት መስመሩ፣ ከጫፉ ጋር መገናኘቱ በመልቲሜትር መረጋገጥ አለበት፤ የቤቱ ሶኬት ራሱ የመሬት መስመር ከሌለው ግን ያ እግር አይጠብቅም። የሚጠገነው ዕቃ ሁልጊዜ ከመስመር ተነቅሎ ባትሪውም ወጥቶ መሆን አለበት፤ በሪሲቨርና በቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ከተነቀለ በኋላም እስከ 310 ቮልት ሊይዝ ይችላል። የፋኖስ ሊቲየም ባትሪ አካል ላይ በቀጥታ መበየድ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ክልክል ነው። የሮዚን ጭስ አስም ያመጣልና ሥራው መስኮት በተከፈተበት ስፍራ ይሠራ፤ የእርሳሱ አደጋ ደግሞ ከጭሱ ይልቅ በእጅ ወደ አፍ መግባቱ ስለሆነ የቡና ሲኒና ቆሎ ከብየዳ ጠረጴዛ ይራቁ፣ ሕፃናትም የሊድ ቁራጭ አይንኩ፣ ሥራው ሲያልቅም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በማሻ ለሚኖርና መደበኛ መስመር ላለው ቤት የሚመከረው እንግዲህ ባለ 220 ቮልት፣ ባለ 60 ዋት፣ ሙቀት መለኪያ ሕዋስ ያለውና 900 ኤም ጫፍ የሚቀበል ካውያ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ መለወጫ ጫፍ፣ ከብረት ማስቀመጫና ባለ ሮዚን 60 ወይም 63 በመቶ ቲን ሊድ ጋር ነው። ለማሻ፣ ለቴፒና ለሚዛን ተፈሪ ነጋዴዎችም አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ ካውያውን ብቻ አምጥታችሁ አትሽጡ፤ መለወጫ ጫፉንም አብራችሁ አምጡ፣ ገዢውም ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት በሱቃችሁ ሶኬት ሰክቶ ሊድ እንዲያቀልጥበት ፍቀዱለት።